የጧሪ ሚዛን

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰውን መንገድ ይዞ «የአረጋውያን መጦሪያ» የሚል ታፔላ እየፈለገ የሚጓዝ ሰው ፍለጋውን ከተሳሳተ ቦታ ጀምሯል። በዚህ አገር አብዛኛው ሰው የሚያረጀውም የሚጦረውም ታፔላ በሌለው ቤት ነው። ስለዚህ የእንክብካቤ ጥራት እንዴት ይመዘናል የሚለው ጥያቄ ቢቸና ላይ ሲነሳ መልሱ የሚገኘው ከጓዳው፣ ከመደቡ ሥርና ወደ ሽንት ቤት ከሚወስደው መንገድ ነው።

ቤቱም አንድ ዓይነት አይደለም። በአንደኛው እናት ከወንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ምራቲቱ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ምስጋናው ግን ለልጁ ነው። በሌላው ልጆቹ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ናቸው፤ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ወይም በወር የተቀጠረች ሠራተኛ ከአዛውንቱ ጋር ታድራለች፤ ገንዘቡ በባንክ ይመጣል። በሦስተኛው ደግሞ ልጅ ያልወለዱ፣ ወይም ወልደው የራቁባቸው ባለ መሬት «የጦረኝ ይውሰደው» ብለው ከአንድ ጎረቤት ጋር ተዋውለዋል። ባላቸው ሲሞት ቆብ ጭነው በደብር ቅጥር ውስጥ ጎጆ የቀለሱ፣ በምጽዋትና በሰንበቴ የሚያድሩ እማሆዮችም አሉ። እነዚህ ሁሉ መጦሪያ ናቸው። ተቆጣጣሪ ግን ወደ አንዳቸውም ጎራ አይልም።

ሕጉ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የቤተሰብ ሕጉ ልጅ ችግር ላይ ለወደቀ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ይጥልበታል። የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቀበለው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል በአንቀጽ 11 መጦሪያ ተቋም መግባት በምርጫ እንጂ በግድ እንዳይሆን፣ አገልግሎቱም አገራዊ ዝቅተኛ መስፈርት እንዲያሟላ ይጠይቃል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ኢትዮጵያውያን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ጡረታ የሚባል ነገር የማያውቁ ገበሬዎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች አንቀጽ 41 ጥሩ ነገር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልጋቸው ሲረጥብ ማን ተነሥቶ እንደሚቀይርላቸው ግን አንቀጹ አይነግረንም።

የምንመዝነው ምኑን ነው? ቤይሩት ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አርመናዊው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን አከፋፈል ሰጠ። ሕክምናም ሆነ እንክብካቤ በሦስት በኩል ይታያል አለ፤ በአቅርቦቱ፣ በአሠራሩና በውጤቱ። አቅርቦት ማለት አልጋው፣ ፍራሹ፣ ሳሙናው፣ የሰው ኃይሉ ነው። አሠራር በዚያ አቅርቦት በየሰዓቱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ማን አጠበ፣ ማን አገላበጠ፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጠ ወይ። ውጤቱ የሰውየው ገላና መንፈስ ነው፤ ቁስሉ ዳነ ወይ፣ ዛሬም በእግራቸው ደጅ ይወጣሉ ወይ።

እኛ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ ገንዘብ የምንሰጠው፣ የምናየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ሰዎችን ይዞ የጀመረው መቄዶንያ ዛሬ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በሺዎች ያኖራል፤ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፍ ከፍቷል። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው መፈክሩ ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው ይላል፤ ለመጀመር በእርግጥም በቂ ነው። የተረዳው ሰው እንዴት እንደዋለ ለማወቅ ግን ማየትን መማር ይጠይቃል። በየቴሌቪዥኑና በየዩቲዩቡ የሚነሡትን ጥያቄዎች ልብ በሉ፦ ስንት ሰው ከጎዳና ተነሣ? ሕንፃው ስንት ፎቅ ሆነ? ዳቦው በቀን ስንት ነው? ባለፈው ወር ስንት ሰው ወደቀ፣ ስንት ሰው የአልጋ ቁስል ወጣበት፣ ተሸክመውት ገብቶ በምርኩዝ መሄድ የጀመረው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ የተቋሞቹ ጥፋት አይደለም። ሰጪው ያልጠየቀውን ተቀባዩ አይቆጥርም።

በአቅርቦትና በውጤት መካከል ያለውን ነገር የሚያሳይ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት በሽታ፣ ያለባቸው 696 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ወጥቷል። ሕክምናው መርፌ አልነበረም። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነበር። አንደኛው ወገን ይህን ወዲያው ጀመረ፤ ሌላው ወገን ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጀምር ተደረገ። በዚያ ዓመት ውስጥ ያልጀመሩት እግር በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲያብጥና ሲያተኩስ፣ የጀመሩት 19.4 ጊዜ ሆነ። ተአምር አይደለም። ነገር ግን አራት አምስት ጊዜ ከትኩሳትና ከመኝታ መዳን በሞፈርም በምድጃም ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ማስታጠቢያና ሳሙና እኮ በብዙ ቤት አለ። ለውጡ የመጣው ማስታጠቢያው በየቀኑ በመቅረቡም ነው። የጥናቱ ሰዎች ሁሉ አረጋውያን አልነበሩም፤ ትምህርቱ ግን ለአረጋዊ ቤት ይስማማል። ስለዚህ እናታችሁን ስትጠይቁ ከሁሉ በፊት ካልሲያቸውን አውልቁና እግራቸውን እዩ። ጥፍር፣ የጣት መሐል፣ ተረከዝ። የረዘመና የታጠፈ ጥፍር ካገኛችሁ ማንም እዚያ እግር አጠገብ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አላለም ማለት ነው።

የሚቀጥለው ነገር የእኛው መልካም ጠባይ ያመጣብን ጉዳት ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 ማርጆሪ ዋረን የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም ለንደን ውስጥ በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል በመቶዎች የሚቆጠሩ አልጋ የያዙ አረጋውያን ተሰጧት። ስትመረምራቸው ብዙዎቹ ለዓመታት የተኙት በሽታው አስገድዷቸው ሳይሆን የሚያስነሣቸው ሰው ስላልነበረ መሆኑን አገኘች። ግድግዳውን ቀለም አስቀባች፣ ሰዎቹን በትንሽ በትንሹ አስነሣች። ብዙዎቹ ሄዱ፤ ወደ ቤታቸው የተመለሱም ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የአረጋውያን ሕክምና የሚባለው የሙያ ዘርፍ የተወለደው ከዚያ ነው።

እንግሊዞቹን አልጋ ላይ ያዋላቸው ቸልታ ነበር። የእኛን የሚያውላቸው አክብሮት ነው። «ይቀመጡ እማማ፣ እኔ አመጣዋለሁ።» «አባባ ምን አስነሣዎት!» ውኃ ሲቀዳ ይቀመጣሉ፣ ቡና ሲቆላ ይቀመጣሉ፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ብድግ እንዳይሉ ትከሻቸው ይያዛል። የሽማግሌ ጡንቻ ደግሞ በአሥር ቀን መኝታ ብቻ በሚታይ መጠን ይከሳል፤ የጠፋውን ለመመለስ ከዚያ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ ገበያ መሄድ ይቀራል፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ደጅ መውጣት፣ በመጨረሻም ከመደቡ መነሣት። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ይላል። ስለዚህ አንድን ጧሪ ስመዝን ምን ሠራችላቸው ብዬ ብቻ አልጠይቅም፤ ምን እንዲሠሩ ተወችላቸው ብዬም እጠይቃለሁ። ጥጥ የሚፈትሉ፣ ምስር የሚለቅሙ፣ ዶሮ እሽ የሚሉ እናት ያሉበት ቤት፣ ነጭ አንሶላ ላይ ቀኑን ሙሉ ከሚተኙበት ቤት ይሻላል። ይህን ስል ከብዙ ደግ ሰው ጋር እንደምጣላ አውቃለሁ።

ከእንቅስቃሴ ቀጥሎ ውኃ ይመጣል። ሰው ሲያረጅ ጥማት ይደክማል፤ ሰውነቱ ውኃ ቢፈልግም አፉ አይጠይቅም። በገጠርና በትንሽ ከተማ ቤት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፣ ሌሊት ይጨልማል፣ ጭቃው ያንሸራትታል። ስለዚህ አዛውንቷ ከ10 ሰዓት በኋላ መጠጣት ያቆማሉ። ይህንን ለማንም አይናገሩም፤ ነውር ነው። ውጤቱ ድርቀት፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ አንዳንዴም ድንገት የመጣ መቀባዠር ነው፤ ቤተሰቡም ወደ ጠበል ይወስዳቸዋል፤ ጠበሉ ላይ ውኃ ስለሚጠጡ ሻል ቢላቸው አይገርምም። መፍትሔው አልጋ ሥር የሚቀመጥ ክዳን ያለው ፖፖ፣ መሐሉ የተቀደደ ወንበር፣ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ የሚይዙት የተወጠረ ገመድ ነው። የገመዱን መኖር ማየት አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለ ቤቱም ብዙ ይናገራል።

ክሳትን ለማወቅ ሚዛን የለም ብላችሁ አትተዉት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን ክንድ የሚለኩበት ዓይነት ጥብጣብ ለትልቅ ሰውም ይሠራል። እሱም ባይኖር ቀበቶው ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደደረሰ፣ የጣት ቀለበቱ ይወልቅ እንደሆነ ማየት ይቻላል። ጥርስ የሌለውን ሰው ደረቅ እንጀራና ቁርጥራጭ ሥጋ አቅርቦለት «መብላት እምቢ አለ» የሚል ጧሪ ምግብ አቅርቧል እንጂ አልመገበም። ጧሪነት የሚጀምረው ከፍትፍቱ፣ ከአጥሚቱና አጠገብ ቁጭ ከማለቱ ነው።

የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የዐይን ሞራም በእርጅና ይመጣል። ሁለቱንም፣ ማለትም ትራኮማ የገለበጠውን የዐይን ፀጉርም ሞራውንም፣ በቀላል ቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለ ዕውር አረጋዊ ሲታይ መጠየቅ ያለበት ማን ይመራቸዋል የሚለው ብቻ አይደለም፤ ዐይናቸውን ባለሙያ ያየው መቼ ነው የሚለውም ነው። የደም ግፊትና የስኳር ክትትልም እንዲሁ። ሞጣ ጠቅላላ ሆስፒታል አላት፣ ቢቸናም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፤ የቀጠሮ ካርዱን አውጥታችሁ የመጨረሻውን ቀን አንብቡ። ካርድ አይዋሽም፤ ቢያንስ እንደ ሰው አይዋሽም። ከመድኃኒት ጋር ጾምን አትርሱ። በጎጃም እርጅና ጾም ያበረታል እንጂ አያስፈታም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናት የስኳር ኪኒናቸውን ጠዋት በባዶ ሆድ ቢውጡ ስኳሩ ወርዶ ሊጥላቸው ይችላል። ጎበዝ ጧሪ ነርሷንና የነፍስ አባታቸውን አነጋግራ ሰዓቱን አስማምታለች። ሰነፏ ኪኒናውን ትሰጣለች፤ ወይም ትደብቃለች።

የአልጋ ቁስሉን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ደስ አይልም። መነሣት የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ወገቡ ሥር፣ ዳሌውና ተረከዙ ላይ ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል። ልጅ የእናቱን ገላ ማየት ያፍራል፤ ሴት ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ ደኅና ናቸው ብሎ የተመለሰ ልጅ ያየው ብርድ ልብሱን ነው።

መቼ መታየት አለበት? በንግሥ ቀን አይደለም። ሞጣ ጊዮርጊስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ልዕልት ወለተ እስራኤል ያስተከሏት ደብር ናት፤ ሚያዝያ 23 ልጆች ከየሄዱበት ይመጣሉ። ቤቱ ይለቀለቃል፣ በግ ይታረዳል፣ እናት አዲስ ቀሚስ ለብሰው በር ላይ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ፎቶ አንሥተው በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ። ከዓመቱ ውስጥ ስለ እንክብካቤው ምንም የማይታወቅበት ቀን ቢኖር ይህ ነው። አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በብዙ ክስና ኀፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የአገሪቱ የሕክምና ኢንስቲትዩት በመጦሪያ ተቋማት ያለውን ጉድ የሚዘረዝር ሪፖርት አወጣ፤ በዓመቱ ሕግ ወጣና ተቆጣጣሪዎች ሳይነግሩ መግባት፣ መዝገብ ከማየት አልፈው ነዋሪውን ራሱን ማነጋገር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለየተቋሙ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መስጠት ተጀመረ። ኮከቡም ነቀፌታ አላጣውም፤ ምክንያቱም ከመረጃው የተወሰነውን የሚያቀርቡት ተቋማቱ ራሳቸው ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢና በሚኒሶታ በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ስለ ኮከብ ጠይቋቸው፣ የሚመልሱላችሁ ስለ ሌሊት ፈረቃ ነው፤ አንድ ሰው ለስንት አረጋዊ ተመድቧል?

ያ ጥያቄ ቢቸና ላይም ትልቁ ጥያቄ ነው። ከአዛውንቷ ጋር የምታድረው ልጅ ቀን ታበስላለች፣ ውኃ ታመጣለች፣ ሌሊት ትነሣለች፤ ትምህርቷንም አቋርጣ ሊሆን ይችላል። ማንም ደመወዟን በስሟ አይልክላትም፤ ዕረፍት የሚባል ቀን የላትም። ይህች ልጅ ብትቆጣ፣ ብትደክም፣ ብትገፈትር የሚገርመው ማን ነው? ጥራት የሚለካው ከእሷ እንቅልፍም ጭምር ነው። በሳምንት ስንት ሌሊት ሳትነሣ ትተኛለች? ስትታመም ማን ይተካታል? ለእናታችሁ ፍራሽ ከመግዛታችሁ በፊት ለልጅቷ የዕረፍት ቀን ግዙ።

በመሬት የተዋዋሉትን በተመለከተ አስተያየቴ ቁርጥ ያለ ነው። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የይዞታ መብትን በስጦታም በኑዛዜም ማስተላለፍ ይፈቅዳል። ስጦታው ሲጸድቅ መሬቱ ይሄዳል፤ ጧሪው ከዚያ በኋላ የሚሠራው በአብዛኛው ለኅሊናው ነው። ኑዛዜ ግን ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሻር ይችላል። ስለዚህ በሕግ አዋቂ ተመክሮ በኑዛዜ የተደረገ ውል አረጋዊውን ይጠብቀዋል፤ በስጦታ የተደረገው ደግሞ በአብዛኛው ለጧሪው ደግነት ይተወዋል። ደግ ጧሪ ብዙ ነው። ግን ሰው በሰማንያ ዓመቱ ዕጣ መጣል የለበትም።

መሄድ የማይቻልበት ጊዜም አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክም ሲቋረጥ፣ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸውን ለወራት አላዩም። ስልኩ ሲሠራ ደግሞ «እንዴት ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል የጎጃም ሽማግሌ አላውቅም፤ እግሩ ተሰብሮም ይላል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ትናንት ራት ምን ነበር? ከራት በኋላ ምን ጠጡ? ለመጨረሻ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት የማን በዓል ቀን ነው? ማን ይዞ ወሰደዎት? ገላዎን የታጠቡት ገበያ ቀን ነው ወይስ ሌላ ቀን? ለእነዚህ «ተመስገን» መልስ አይሆንም። ከዚያ ስልኩን ለጧሪዋ አሰጡና ያንኑ ጠይቋት። ሁለቱ መልሶች ካልተገጣጠሙ ለጎረቤት ደውሉ።

ይህ ሁሉ ግን ልጅ ላለው ነው። ልጅ ለሌላቸው፣ በደብር ቅጥር ላሉት እማሆዮች፣ በውል ለሚጦሩት፣ ማን ካልሲያቸውን አውልቆ እግራቸውን ያያል? በቢቸናም በሞጣም እድር አለ። እድር የአባሉን ቤት ያውቃል፣ መዝገብ ይይዛል፣ ቀሪውን ይቀጣል፣ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተክላል። ከአባላቱ ሁለት ሰው መርጦ በወር አንድ ጊዜ፣ ሳይነግር፣ በየአረጋዊው ቤት ቢልክ፣ እግር፣ ክንድ፣ የቀጠሮ ካርድና የጧሪዋን ሁኔታ አይተው በዚያው መዝገብ ቢጽፉ፣ በአገሪቱ የሌለ የቁጥጥር ሥርዓት በአንድ ቀበሌ ተጀመረ ማለት ነው። የእድር አባል የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ይህን ለመጪው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙልኝ።